የመምህር ታዴዎስ ሁለተኛ ዓይን

ከአዋሽ ወዲህ እንደ እኔ ያለ ሰዓሊ አልተወለደም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ማስረጃ አለኝ። አሰላ ከላይኛው ሰፈር ጀምራችሁ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ውረዱ። ፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ላይ ጎፈሬውን አበጥሮ የቆመው ጎረምሳ፣ ልብስ ሰፊው በር ላይ ከረባት ያሰረው ባለሱፍ፣ ሥጋ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ኑና ብሉኝ» እያለ ፈገግ የሚለው በሬ፣ ሁሉም የእጄ ሥራዎች ናቸው። በቆጂ አንድ ቡና ቤት ላይ የሳልኩትን አንበሳ ያዩ ውሾች አገሩን ጥለው ወደ ባሌ ተሰደዋል ይባላል።

የሚለው እኔ ነኝ።

ውሾቹ አልተሰደዱም። እንዲያውም አንደኛው ሰሌዳው ሥር መጥቶ እግሩን አንስቶ ያደረገውን እዚህ መጻፍ ነውር ነው። የቡና ቤቱ ባለቤትም ሰሌዳውን አሻቅቦ አይቶ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አንበሳ አዝዤህ ሙክት ታመጣልኛለህ?» አለኝ። «የበቆጂን ብርድ ያውቁት የለም እንዴ ጋሼ? ፀጉር በዝቶበት ነው እንጂ አንበሳ ነው» ብዬ አሳመንኩት። እሱን አሳመንኩ እንጂ አገሩን አላሳመንኩም። የበቆጂ ሰው ዛሬም «በጉ ቤት እንገናኝ» ይባባላል።

ከፀጉሩ ይልቅ የሚያስቸግረኝ ግን ዓይን ነው። የሰው አንድ ዓይን ስስል እጄን መላእክት የሚመሩት ይመስለኛል። ሁለተኛውን ስጀምር መላእክቱ ጥለውኝ ምሳ ይወጣሉ። አንደኛው ዓይን በቆጂን፣ ሌላው ሮቤን ያያል። አንዱ ሠርግ ይሄዳል፣ አንዱ ለቅሶ ይደርሳል። መምህር ታዴዎስን ያስተዋወቀኝም ይኸው ዓይን ነው።

አንድ ቀን መሰላል ላይ ወጥቼ የፀጉር አስተካካዩን ሰሌዳ ስጨርስ፣ ከታች አንድ ቀጭን፣ አንገቱ ረዘም ያለ ሰው ቆሞ ያያል። ከከተማው በላይ ባለው የካቶሊክ ሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል የሚያስተምረው መሆኑን በዝና አውቃለሁ።

«ጋሼ» አለኝ በትሕትና፣ «ይሄ ልጅ ምን ሊሆን ነው?»

«ፀጉሩን ሊቆረጥ ነዋ!»

«እኔ ደግሞ አንገቱን ሊቆረጥ መስሎኝ ደነገጥኩ።»

ሌላ ሰው ቢሆን በቀለም ቆርቆሮ እፈነክተው ነበር። እሱ ግን ሳይስቅብኝ፣ «ቢፈቅዱልኝ» ብሎ መሰላሉ ላይ ወጣና በብሩሼ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገው። ጎረምሳው አየ። እውነት እላችኋለሁ፣ አየን! ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ሰውየውን እስላለሁ፣ ታዴዎስ ማታ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዓይኑን ያበራለታል፣ ግርጌው ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። በዕድሜ ስለምበልጠው «አንተ» እለዋለሁ። በሙያው ግን «እርስዎ» ልለው ይገባኝ ነበር፤ ለእኔ ዕድሜ ማሰብ ይቀለኛል።

ይህን ሰው ያልወደደ አሰላ ውስጥ አልነበረም። ቀለም ሲጠፋ ተማሪዎቹን በከሰል ያስተምራቸዋል። «ጭላሎን በቃላችሁ አትሳሉት፤ ወጥታችሁ ፊቱን እዩት» እያለ ክፍሉን ሙሉ ይዞ ሜዳ ይወጣል። ተማሪዎቹ ተራራው ሲሰለቻቸው የጋሪ ነጂውን የከድርን ፈረስ፣ ዳማውን፣ ይስሉታል። ዳማውም በብዛት ከመሳሉ የተነሣ ሙያውን ለወጠ። ወረቀት የያዘ ልጅ ባየ ቁጥር ጋሪውን እንደ ጎተተ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንገቱን ሰብሮ፣ ጆሮውን አቁሞ። ተሳፋሪ ይጮኻል፣ ከድር አለንጋ ያነሣል፣ ዳማው ንቅንቅ የለም። «ወላሂ፣ ይሄ መምህር ፈረሴን አበላሸብኝ» ይላል ከድር። ቤቱ ግን ብትሄዱ ዋናው ግድግዳ ላይ የዳማው ሥዕል በመስታወት ተሰቅሏል፤ የከድር የራሱ ፎቶግራፍ ከበሩ ኋላ ነው።

እንግዲህ የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ሲል የትምህርት ቤቱ አለቃ አባ ፒዬትሮ ሱቄ ድረስ መጡ። ጣሊያናዊ ናቸው፤ አማርኛን የተማሩት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ሽንኩርት ሲገዙ እንኳ ትንቢት የሚናገሩ ይመስላሉ።

«ሰዓሊ ሆይ!» አሉኝ። «እነሆ፣ መምህር ታዴዎስ ከመካከላችን ይለያል። ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለክብሩ መልኩን ትሥልልናለህን? ነገር ግን እርሱ አይወቅ።»

«አባ፣ ይቺ ለእኔ ምን አላት!» አልኩ። ደረቴን ስደቃ ተሰማኝ።

አባ ፒዬትሮ ባርከውኝ ወጡ። ገና በሩን ሳይሻገሩ ነገሩ ገባኝ። ዓይን የሚስልልኝ ታዴዎስ ነው። የሚሳለው ታዴዎስ ነው። እንዳያውቅ የተባለውም ታዴዎስ ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ ቤቱን ልትዘርፍ ሄደህ፣ ቁልፉን ከባለቤቱ እንደ መዋስ ያለ ነገር!

በዚያው ሰሞን ታዴዎስ እንደ ልማዱ መጥቶ የልብስ ሰፊውን ባለሱፍ ግራ ዓይን እያበራ፣ «ጋሼ፣ እናቴ ልትመጣ ነው» አለኝ።

«ከቡልጋ? እሰይ! ታዲያ ምነው ፊትህ እንዲህ ሆነ?»

«እዚህ ከተቀጠርኩ ወዲህ እግሯን አንስታ አታውቅም። ‹አባትህ ቤተ ክርስቲያን ሲያስጌጥ ኖሮ ሞተ፤ አንተ ለፈረንጅ አደርክ› ብላ ተቀይማ ቀረች። ሥዕል ነው የማስተምረው፣ ሃይማኖቴም እንዳለ ነው ብላት አታምነኝም። አሁን አባ ፒዬትሮ ለስንብቱ ቢጠሯት፣ ‹መጥቼ በዓይኔ ልየው› ብላ ላከች።»

«ትምጣና ትይ!»

«እኔም ሌላ አልፈልግም» አለ ብሩሹን እየጠረገ። «ልጇ እንዳልጠፋ አይታ ትመለስ። ይቺው ናት።»

አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ እንደነበሩ በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ። ሰማሁና በዚያኛው ጆሮዬ ሸኘሁት። ሐሳቤ ሁሉ ዓይኑ ላይ ነበር።

ሥራውን ጀመርኩ። ሳንቃውን ያገኘሁት ከተዘጋ ጠጅ ቤት ነው፤ የድሮ ሰሌዳ ነበር። ጀርባውን ፋቅሁና ነጭ ቀብቼ ገለበጥኩት። ከፊት ለፊት ሳልኩት፤ ዓይኖቹ ተጣሉ። አጠፋሁ፤ ደግሜ ሳልኩ፤ አሁን ደግሞ ከመጠን በላይ ተፋቅረው አፍንጫው ላይ ሊገናኙ ደረሱ። በዚህ መሐል ከድር ብቅ አለና አንገቱን ዘመም አድርጎ አየው።

«ኧረ አቦ! መምህሩ ነው እንዴ? ዝንብ አፍንጫው ላይ አርፋበት ነው?»

«ዝም በል!»

«እኔ ልንገርህ? ጥቁር መነጽር አድርግለት። ተገላገልክ።»

«መምህር እኮ ነው! የጭነት መኪና ሹፌር መሰለህ?» ብዬ አባረርኩት። ባልተማረ ሰው ምክር የምመራ ሰው አይደለሁም፤ ያልተማርኩት እኔ ራሴ በቂ ነኝ።

ከድር እየሳቀ ሲወጣ ከኪሱ ሳንቲም ወደቀችና ተንከባልላ እግሬ ሥር ቆመች። አነሣኋት። ጃንሆይ! በጎን! በአንድ ዓይን! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ንጉሠ ነገሥት በአንድ ዓይን አገር ከገዙ መምህር በአንድ ዓይን ቢሰናበት ምን ነውር አለው? የፊተኛውን አጥፍቼ ታዴዎስን በጎኑ ሳልኩት። ወደ ግራ ዞሮ፣ ረዥሙን አንገቱን ቀና አድርጎ። አንድ ዓይን ደግሞ የእኔ ናት፤ አማረች። እንዲያውም ከማማሯ የተነሣ ማታ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። «ምን ሰርቆ ነው የሚሸሸው?» አለችኝ። እሷ ድሮም በሥራዬ ትቀናለች።

አንዲት ትንሽ እንከን ነበረች። ሳንቃው ሰፊ፣ ራሱ ደግሞ ቀኝ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ስለቀረ፣ ፊት ለፊቱ ግማሹ ሳንቃ ባዶ ሆነ። እዚያ ጭላሎን ልስልበት አስቤ ነበር። ሰማያዊ ቀለሜን ግን የአንድ ጭነት መኪና በር ጨርሶት ኖሯል። ነጭ እንደሆነ ቀረ። ታዴዎስ ሁልጊዜ «ጋሼ፣ ባዶ ቦታ አይፍሩ» ስለሚለኝ አልፈራሁም።

የስንብቱ ቀን የሰኔ ዝናብ ጠዋት ጀመረ። ሳንቃውን በባለቤቴ አዲስ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ (ሳታውቅ ነው፤ በኋላ አወቀች፤ እሱን አታንሡብኝ) የከድር ጋሪ ላይ ጫንነው። ዳገቱን ጨርሰን የትምህርት ቤቱን በር ስናይ፣ ለበዓሉ የሳሉትን ሥዕል በእጃቸው የያዙ ተማሪዎች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ቆመዋል። ዳማው ያን ሁሉ ወረቀት ባንድ ጊዜ አይቶ አያውቅም። ጭቃው መሐል ቆመ። አንገቱን ሰበረ። ጆሮውን አቆመ። ከድር በኦሮምኛ ለመነው፣ በአማርኛ ሰደበው፣ በጣሊያንኛም የሚያውቃትን አንዲት ቃል ወረወረለት። ንቅንቅ የለም።

«ዛሬ ክብሩ ለመምህሩ ነው ወይስ ላንተ ፈረስ?» አልኩት።

«ከሁለቱ ዓይኑ የተሟላው የትኛው ነው?» አለኝ፣ የጋሪ ነጂ ምላስ!

ሳንቃውን ተሸክሜ በጭቃው ገባሁ። እየተንሸራተትኩ አዳራሽ ስደርስ ሕዝቡ ሞልቷል። ከፊት ወንበር ላይ ታዴዎስ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ነጠላቸውን የተከናነቡ፣ የምንኩስና ቆባቸው ከነጠላው ሥር ብቅ ያለ፣ ሸምበቆ የመሰሉ ቀጭን አሮጊት አሉ። እናቱ እማሆይ ወለተ ማርያም ናቸው። አንገታቸውን ብቻ አይቼ አወቅኋቸው። አዳራሹን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን መስቀል፣ አባ ፒዬትሮን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ እየመረመሩ ነው። መቋሚያቸውን አልለቀቁም። ልጃቸው ጠጋ ሲል እሳቸው ትንሽ ራቅ ይላሉ።

አባ ፒዬትሮ ተነሥተው፣ «እነሆ፣ ይህ ሰው በልጆቻችን መካከል ብርሃን ነበረ» አሉ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ። እማሆይ ጆሯቸውን ሰጡ። ፊታቸው ፈታ ማለት ጀመረ። እጃቸውን ወደ ልጃቸው ጉልበት ሲሰዱ አየሁ። ልክ በዚያች ደቂቃ አባ ፒዬትሮ፣ «ሰዓሊ ሆይ፣ ግለጥ!» አሉኝ።

ገለጥኩ።

ተማሪዎቹ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አንስተው እንዳነሱ ቀሩ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ አማተቡ። የእማሆይ እጅ ከልጃቸው ጉልበት ተመለሰች።

«ማነው ይሄ?» አሉ።

«ልጅዎ ናቸው፣ እማሆይ» አልኩ እጅ ነሥቼ።

«ሌላው ዓይኑስ?»

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ የሆነ ሁሉ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን ነው። ጌታን የገረፉት ናቸው። ይሁዳ ነው። ይህን አሰላ ውስጥ ያለ ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ ቅዳሴው ሲረዝምብኝ ስንት ዘመን እነዚያን ሥዕሎች ሳይ ቆሜአለሁ! ሳንቲሟ አሳወረችኝ።

«ባሌ ይሁዳን ሲስል ቀለም የበጠበጥኩለት እኔ ነኝ» አሉ እማሆይ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ልጄን ለፈረንጅ ቤት ሰጠሁ። ይኸው፣ ምን እንደሆነ በአደባባይ ሥላችሁ አሳያችሁኝ።»

«እማዬ…» አለ ታዴዎስ።

«ዝም በል!»

እኔም እዚያ ላይ ዝም ብል ደግ ነበር። ግን አፌን ታውቁታላችሁ። ሳንቲሟን ከኪሴ አውጥቼ፣ «እማሆይ፣ ይዩ እስቲ፤ ጃንሆይም እኮ በጎን ናቸው!» አልኳቸው።

«እኔ የወለድኩት ሳንቲም ነው?»

«አይደለም… ማለቴ፣ ሁለተኛው ዓይን አለ። በወዲያ በኩል ነው።»

እንደ አባባል ነበር ያልኩት። እማሆይ ግን መቋሚያቸውን ያዙና እውነት ዞረው ሄደው የሳንቃውን ጀርባ አዩ። እኔ የፋቅሁት ቀለም የሚቀባበትን ፊት ብቻ ነበር። ጀርባው ላይ የጠጅ ቤቱ ሰሌዳ እንዳለ ነው፤ ብርሌ የጨበጠ፣ ሆዱ የተነፋ ሰካራም፣ ከሥሩም «ገብተው ይቅመሱ» የሚል ጽሑፍ።

እማሆይ ብርሌውን በመቋሚያቸው መታ አደረጉት።

«ይሁዳ ላይ ጠጅ አዝለውለታል!» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ በሩ አመሩ። አውቶቡሱ በዚያ ሰዓት ወደ ናዝሬት ስለሚነሣ፣ መናኸሪያው ላይ ጥሩንባውን ሲነፋ እስከ አዳራሹ ድረስ ይሰማል። አባ ፒዬትሮ «ወዮልን!» ብለው ግንባራቸውን ያዙ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ እንድትውጠኝ ጠበቅሁ፤ የአርሲ መሬት ጭቃ ብቻ ሆና ቀረች።

ታዴዎስን አየሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ቢሰድበኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። ከአንዲት ተማሪ እጅ ቁራጭ ከሰል ተቀበለና ወደ ሳንቃው ሄደ። «ጋሼ፣ ትንሽ ይጠጉልኝ» አለኝ። ያ ጭላሎ ያጣው ባዶ ቦታ ላይ ከሰሉን አሳረፈ።

መጀመሪያ የነጠላ ጥለት መሰለ። ቀጥሎ ቆብ መጣ። ከዚያ ረዥም አንገት። ከዚያ ዓይን፣ አንድ፤ ከዚያ ሁለተኛው። ትልልቅ፣ ቅንድባቸው የተቀሰተ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዱሳን የሚያዩን ዓይነት ዓይኖች። እናቱ ነበሩ፤ ፊት ለፊት። እኔ በጎን የሳልኩት ልጅ አፍጥጦ የሚያየው እሳቸውን ሆነ።

እማሆይ በሩ ጋ ቆመዋል። ዞረው ያዩ ነበር።

«እማዬ» አለ ታዴዎስ ከሰል በጠቆረ እጁ እያመለከተ፣ «ጋሼ አልተሳሳቱም። ሰው ወደ እናቱ ሲዞር በጎኑ ነው የሚታየው።»

አውቶቡሱ ደግሞ ጥሩንባውን ነፋ። እማሆይ የሰሙ አልመሰሉም። ቀስ እያሉ ተመልሰው መጡ፤ ሥዕሉ ሥር ቆመው ዓይኖቹን አንጋጠው አዩ። ጣታቸውን አነሡና፣ ከሰሉን እንዳያጠፉት ሳይነኩት በአየር ላይ ቅንድቡን ተከተሉት።

«የአባትህ እጅ» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «አፍንጫዬን ግን አግዝፈኸዋል።»

«አባዬም እንዲህ ነበር የሚስልሽ።»

«እሱም ያጋንን ነበር» አሉና ልጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጎትተው ፊቱ ላይ ያለውን ከሰል ይጠርጉለት ጀመር፤ እንደ ሕፃን፣ ተማሪዎቹ ሁሉ ፊት። እሱም ዝቅ ብሎ ተጠረገላቸው። ያን ጊዜ ጭብጨባው ጣራውን ሊነሣው ደረሰ። ከድር እንደነገረኝ ዳማው ጭብጨባውን ሲሰማ ለእሱ መስሎት አንገቱን ይበልጥ ሰበረ።

በኋላ እማሆይ እኔን በጣታቸው ጠሩኝ። የፈራሁትን ያህል አልመቱኝም። «አንተ» አሉኝ፣ «ጠጅ ቤቱን ፋቅልኝ።» በማግሥቱ ፋቅሁት።

ሥዕሉ ዛሬም ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሏል። እንግዳ የመጣ ሁሉ የአሮጊቷን ዓይኖች እያየ ይደነቃል፤ ግርጌው ላይ ያለው ስም የእኔ ነው። ልሰርዘው ብዬ ነበር፤ «ይቅር ጋሼ፣ አብረን ነው የሳልነው» ብሎ የከለከለኝ ታዴዎስ ነው። አዲስ አበባ ሊሄድ አውቶቡስ ሲሳፈርም፣ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «እንግዲህ ዓይኑን እንዴት ያደርጉታል?» አለኝ። «አታስብ፣ ለምጄዋለሁ!» አልኩት።

ይኸው አሁን አሰላ የምትመጡ ሰዎች በከተማችን ዘመናዊነት ትገረማላችሁ። ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ የቆመው አዲሱ ጎረምሳ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ባለሱፉ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ፎቶ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ያሉት ሙሽሪትና ሙሽራውም አድርገዋል። ሥጋ ቤቱ ሰሌዳውን ሲያሳድስ በሬውም አድርጓል። ወጣቶቹ የአዲስ አበባ ፋሽን ነው ይላሉ። ከድር በጋሪው ሲያልፍ ግን ወደ እያንዳንዱ ሰሌዳ በአለንጋው እያመለከተ ይስቃል።

ፋሽን አይደለም። ሁለት ዓይን መሳል አልችልም።